መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት፦ ለአያትም፣ ለሕፃንም፣ ለአካል ጉዳተኛም የሚመች ጤናማ ቤት

አሰላ፦ በአርሲ ደጋ የመኸር ስንዴና ገብስ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ የበልግ ዝናብ እስኪጀምር ያሉት ወራት የቤት መሥሪያ ወራት ናቸው። ከአሰላ ወደ ቦቆጂ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የባሕር ዛፍ አጣና ሲጓጓዝ፣ ቆርቆሮ በጋሪ ሲጫን፣ ጭቃ ከገለባ ጋር ሲረገጥ ማየት የተለመደ ነው። ለብዙ ቤተሰብ ቤት መሥራት በዕድሜው ከሚያወጣቸው ወጪዎች ሁሉ ትልቁ ነው።

ይሁን እንጂ ቤት ሲታቀድ የሚነሡት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። ባለ አርባ ይሁን ወይስ ባለ ስድሳ ቆርቆሮ? ስንት ክፍል ይኑረው? አናጺው ስንት ይጠይቃል? ከእነዚህ ባልተናነሰ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይቀራል፤ ይኸውም በዚህ ቤት ውስጥ ማን ይኖራል የሚለው ነው። በደንብ የተሠራ ቤት ሃያና ሠላሳ ዓመት ይቆማል። በዚህ ጊዜ ውስጥ በቤቱ ሕፃናት ይወለዳሉ፤ ነፍሰ ጡር እናት ትመላለስበታለች፤ ዛሬ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ምስማር የሚመታው ጎልማሳ ያረጅበታል። አንዱ እግሩ ይሰበር ይሆናል፤ ሌላዋ ዓይኗ ይደክም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን ያህል ሰዎች፣ ማለትም ከስድስት ሰው አንዱ፣ ከባድ የአካል ጉዳት አለበት። ይህን ቁጥር ወደ አንድ ቤተ ዘመድ ስናወርደው ጉዳዩ የማይነካው ቤት አለ ለማለት አስቸጋሪ ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ በደጋው የአየር ጠባይና በአካባቢው በሚገኝ ቁሳቁስ ለሁሉም ዕድሜና አቅም የሚመች፣ ጤናንም የሚጠብቅ ቤት እንዴት ሊሠራ እንደሚችል ያብራራል።

ከመኝታ እስከ መጸዳጃ፦ የአንዲት አያት የሌሊት መንገድ

የቤትን ችግር ለመረዳት ቀላሉ መንገድ በምርኩዝ የምትሄድ አንዲት አያት በክረምት ሌሊት ከመኝታዋ ተነሥታ መጸዳጃ ቤት ደርሳ እስክትመለስ ያለውን መንገድ በሐሳብ መከተል ነው።

መጀመሪያ የምትነሣበት መደብ ዝቅ ያለ ነው። ጉልበቷ ስለደከመ ግድግዳውን ተደግፋ ለመቆም ትታገላለች። ቤቱ ጨለማ ነው፤ በመንገዷ ላይ የጥጃ ገመድ፣ ዱካና ጀሪካን አለ። በሩ ላይ ስትደርስ ከወለሉ ስንዝር ያህል ከፍ ያለ ደፍ ያጋጥማታል። ከደፉ ማዶ የሚያንሸራትት ጭቃ አለ። መጸዳጃው ከጓሮ ጫፍ ነው፤ እዚያ ስትደርስም የምትይዘው ነገር ሳይኖር ቁጢጥ ማለት ይጠበቅባታል።

ይህን መንገድ የፈሩ አረጋውያን ብዙውን ጊዜ አንድ ዘዴ ያበጃሉ፤ ከሰዓት በኋላ ውኃ መጠጣት ያቆማሉ። ውኃ መቀነስ ደግሞ የሆድ ድርቀትን፣ የሽንት ቧንቧ ሕመምንና ማዞርን ያስከትላል። ማዞሩ መልሶ ለመውደቅ ይዳርጋል። በእርጅና ዘመን የዳሌ አጥንት መሰበር ደግሞ ብዙዎችን ከአልጋ የሚያውል፣ ለሕይወትም የሚያሰጋ አደጋ ነው። እንግዲህ ሕመሙ የጀመረው ከደፉና ከመንገዱ እንጂ ከአያቲቱ አካል ብቻ አይደለም።

በሌላ በኩል በተሽከርካሪ ወንበር ወይም በክራንች የሚንቀሳቀስ ወጣት ያለበትን ቤት እናስብ። እንግዳ መጥቶ ቡና ሲፈላ፣ ዕድርተኞች ሲሰበሰቡ፣ ዘመድ ለበዓል ሲመጣ ወጣቱ በጓዳ ይቀራል። ቤተሰቡ ሊደብቀው አስቦ ላይሆን ይችላል፤ በሩ ስለማያሳልፈው ብቻ የቀረ ይሆናል። ቤት ሰውን ከማኅበራዊ ሕይወት ሊያገል የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ለእነዚህ ሰዎች ተብሎ የሚደረግ ማሻሻያ ለሌላውም ይጠቅማል። ሰፊ በርና ደፍ የሌለው መግቢያ ሃያ ሊትር ውኃ የተሸከመችውን ሴት፣ ሕፃን ያዘለችውን እናት፣ ኩንታል ስንዴ በእጅ ጋሪ የሚያስገባውን ገበሬም ያቀልለታል። ሮናልድ ሜስ የተባለ አሜሪካዊ አርክቴክት ይህንን አስተሳሰብ ዩኒቨርሳል ዲዛይን፣ ማለትም ለሁሉም የሚስማማ ንድፍ፣ ብሎ ሰይሞታል። ሜስ በልጅነቱ በፖሊዮ በመታመሙ በተሽከርካሪ ወንበር ይጠቀም የነበረ ሰው ነው።

ልማዱ ምክንያት አለው

በአካባቢው የተለመደው የቤት አሠራር ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ደፉ ጎርፍና ተባይ እንዳይገባ ያግዳል። ጠባቡ በር ብርድንና ሌባን ይከላከላል። መስኮቱ ያነሰው ከአሰላ 2,400 ሜትር፣ ከቦቆጂ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ልማዱን መንቀፍ ሳይሆን ምክንያቱን ጠብቆ ቅርጹን ማሻሻል ነው።

መግቢያውን እንውሰድ። ጎርፍን ለመከላከል ከደፍ ይልቅ ሙሉ ወለሉን በድንጋይና በገረጋንቲ ከግቢው መሬት ከፍ ማድረግና ከቤቱ በላይ ባለው ዳገት በኩል ውኃውን የሚያስቀይስ ቦይ መቆፈር የተሻለ ነው። ከዚያም ከግቢው ወደ በሩ ደረጃ የሌለው ራምፕ፣ ማለትም ቀስ እያለ ከፍ የሚል ተዳፋት መወጣጫ፣ ይሠራል። የራምፕ ስሌት ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ ከፍታ አሥራ ሁለት እጥፍ ርዝመት ያስፈልጋል። ወለሉ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ ራምፑ 1 ሜትር ከ80 ይረዝማል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 3 ሜትር ከ60 ይሆናል። ከዚህ ያጠረ ራምፕ ስለሚያዘነብል ረዳት ለሌለው ሰው አደገኛ ነው። ስፋቱ ከአንድ ሜትር ማነስ የለበትም። ፊቱ ሻካራ ይሁን፤ የተወለወለ ሊሾ በዝናብ ጊዜ ያንሸራትታል። ግራና ቀኝ ጠርዙ ጥቂት ከፍ ቢል ጎማም ሆነ ምርኩዝ አያመልጥም።

በሩ ክፍት ሲሆን የሚያሳልፈው ስፋት ቢያንስ 80፣ ቢቻል 90 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ብርድና ሌባ የሚያሳስበው ሰው ባለ ሁለት ክፋይ በር ማሠራት ይችላል፤ በአዘቦት ቀን አንዱ ክፋይ ብቻ ይከፈታል፤ ሲያስፈልግ ሁለቱም ይከፈታሉ። በአዲስ ቤት ላይ በሩን ጥቂት ማስፋት የሚጠይቀው ተጨማሪ ወጪ አነስተኛ ነው። ግድግዳው ከቆመና ከተመረገ በኋላ ግን ቋሚ መንቀል፣ ማገር መቁረጥና እንደገና መምረግ ይጠይቃል።

በቤቱ ውስጥ ደግሞ ተሽከርካሪ ወንበር ዞሮ ሊመለስ የሚችልበት ቢያንስ አንድ ቦታ መኖር አለበት። ይህን ለመለካት መሐንዲስ አያስፈልግም። ችካል ተክሎ 75 ሳንቲ ሜትር ገመድ ማሰርና በዙሪያው ክብ ማስመር ይበቃል፤ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ይህ ክብ ከዕቃ ነጻ ሆኖ ይቀመጣል። በክብ ጎጆ ውስጥ ይህ ቦታ ብዙውን ጊዜ ከመካከል ይገኛል፤ ችግር የሚሆነው በጠባብ ኮሪደር የተከፋፈለው ባለ አራት ማዕዘን ቤት ነው።

መደብም መልካም ነገር ነው። ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ስለሆነ አይነቃነቅም፤ የሚደገፍበት ሰው አይወድቅም። ማስተካከል የሚያስፈልገው ከፍታውን ነው። ከወለል እስከ መቀመጫው 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን፣ ይህም ለአብዛኛው ሰው የጉልበት ቁመት ነው፣ አረጋውያን ሳይቸገሩ ይነሡበታል። እርጥበት እንዳይወጣው ከሥሩ ድንጋይ ቢደረግ፣ ከጎኑም በግድግዳው ቋሚ ላይ የተመታ የእጅ መያዣ እንጨት ቢኖር ይመረጣል።

ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ደግሞ ኖራ ትልቅ ረዳት ነው። የበሩ መቃን፣ የደረጃው ጠርዝና የመደቡ ጫፍ በነጭ ኖራ ቢቀባ በደብዛዛ ብርሃንም ይለያል። ዕቃዎች ሁልጊዜ በአንድ ቦታ መቀመጣቸው ማየት ለተሳነው ሰው ከማንኛውም መሣሪያ ያልተናነሰ ጥቅም አለው። መስማት ለተሳነው ሰው ደግሞ የግቢውን በር የሚያሳይ መስኮት ቢኖር የሚመጣውን ሰው ያያል።

ጭስና ብርድ

በደጋ ቤት ውስጥ ሁለት ጠላቶች አሉ፤ ብርድና ጭስ። አንዱን ለመሸሽ ሲባል በሌላው መያዝ የተለመደ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ባወጣው የመኖሪያ ቤትና ጤና መመሪያ ላይ በቀዝቃዛ አካባቢ የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳይወርድ መክሯል። ይኸው መመሪያ ከመኖሪያ ቤቶች ውስጥ በቂ የሆነው ድርሻ ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆንም ያሳስባል። ጤናማ ቤትና ተደራሽ ቤት በአንድ ሰነድ ውስጥ መቀመጣቸው ሁለቱ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን ያሳያል።

ጭስን በተመለከተ ድርጅቱ በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት በ2020 ብቻ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መሞታቸውን፣ ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት መሆናቸውን ይገልጻል። ከማገዶ፣ ከኩበትና ከከሰል የሚወጣው ጭስ በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች፣ በምድጃ ዳር በምትውል እናት ላይ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመምና የዓይን ሞራ ያስከትላል። ዛሬ በጭስ የሚጠቃ ዓይን ነገ መንገድ መሪ የሚሻ ዓይን ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የመጀመሪያው መፍትሔ ማድ ቤቱን ከመኝታው መለየት ነው። ሁለተኛው ምድጃው ነው። በ1980ዎቹ በኢትዮጵያ የተሠራው ምርት የተባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ከብቦ ስለሚይዝ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ የጭስ ማውጫ ቱቦም ሊበጅለት ይችላል። ምድጃው ብቻውን ጭሱን ፈጽሞ አያጠፋውም፤ ከላይ የጭስ መውጫ፣ ከጎን ደግሞ አየር የሚያስገባ መስኮት ያስፈልገዋል።

እሳቱ የተከለለ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። ክፍት እሳት ለሚድኽ ሕፃንና የሚጥል ሕመም ላለበት ሰው አደገኛ ነው። የምድጃው ከፍታ የሚወሰነው በምትጋግረው ሴት ነው፤ ቆማ ለምትጋግር ወገቧን የማያስጎነብስ መደብ ላይ ይቀመጥ፤ በዱካ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጣ ለምትጋግር ደግሞ ክንዷ ሳይንጠራራ በሚደርስበት ቁመት ይሁን። ሕፃን ባለበት ቤት እንደ ጉልበት ከፍ የሚል አጥር በማድ ቤቱ በር ላይ ቢደረግ ብዙ ቃጠሎ ይከላከላል።

ስለ ከሰል ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። በክረምት ሌሊት ፈርኔሎ ላይ የቀላ ከሰል ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ሰውን ይገድላል። ከሰሉ ጭሱ ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያመነጫል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድለዋል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የመጀመሪያ ምልክቶቹ ናቸው። ምልክቱ የታየበትን ሰው ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። ለአረጋውያን ብርድ ተብሎ የሚገባው እሳት አስቀድሞ የሚጎዳው ፈጥነው መነሣት የማይችሉትን ራሳቸውን አረጋውያንን ነው።

ታዲያ ሙቀት ከየት ይምጣ? ከቤቱ አካል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ቀን ያገኘውን ሙቀት ለሌሊት ያቆያል። ብዙ ሙቀት የሚያመልጠው በቆርቆሮው በኩል ነው፤ ስለዚህ ኮርኒስ ማበጀት ከእሳት የተሻለ ጥቅም አለው። ኮርኒሱ ከማዳበሪያ ከረጢት ከሆነ ግን እሳት በፍጥነት ስለሚይዘው ምድጃና ኩራዝ ከሥሩ መራቅ አለባቸው። የአረጋውያን መኝታ ፀሐይ በምትወጣበት በኩል ቢሆን፣ መስኮቱም ወደዚያው ቢዞር የጠዋቱን ሙቀት ያገኛሉ። የመስኮቶቹ ጠቅላላ ስፋት ከወለሉ ስፋት አንድ አሥረኛ ያህል ይሁን፤ አራት በአራት ለሆነ ክፍል 1.6 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ማታ የሚዘጋ የእንጨት መዝጊያ ካለው ብርድ አያስገባም፤ ፍርግርግ ካለው ሌባ አያስገባም። ቀን ሲከፈት የሚገባው አየርና ብርሃን የሳንባ ነቀርሳን የመሰሉ በአየር የሚተላለፉ በሽታዎች ሥርጭትን ይቀንሳል።

ከብትና እህል በአንድ ጣሪያ ሥር

ብዙ የደጋ ቤተሰብ ጥጃውንና በጉን በቤት ውስጥ የሚያሳድረው ሌባን፣ ጅብንና ብርድን ስለሚፈራ ነው። ሆኖም ከእንስሳት ጋር አብሮ ማደር ቁንጫን፣ ዝንብንና ከሽንት የሚወጣ የአሞኒያ ሽታን ያመጣል፤ የከብት ሳንባ ነቀርሳንና ብሩሴሎሲስን የመሳሰሉ ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎችንም ያቀራርባል። እንስሳው ሌሊት የሚያልፍበት ወለል የታሰረ ገመድና እርጥብ እበት ስላለበት የመውደቂያም ቦታ ነው።

በዚህም ላይ ምክንያቱን ጠብቆ ቅርጹን መለወጥ ይቻላል። ጋጡ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርቶ የራሱ በር ይኑረው። ግድግዳው ከቤቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሌሊት ድምፅ ይሰማል፤ ትንፋሹና ሽንቱ ግን ወደ መኝታ አይገባም። የጋጡ ወለል ወደ ውጭ ቢያዘነብልና ሽንቱ በቦይ ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ቢፈስ ለማሳውም ጥቅም ይሰጣል።

ስንዴ አብቃይ በሆነው በአርሲ ልዩ ትኩረት የሚሻው ሌላው ነገር የእህል ማከማቻ ነው። ነቀዝን ለማጥፋት ፎስቶክሲን በሚል ስም የሚታወቀው የአልሙኒየም ፎስፋይድ እንክብል እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ እጅግ መርዛማ ጋዝ ይለቅቃል። ለዚህ መርዝ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ይህ እንክብል የተደረገበትን ኩንታል ሰው በሚተኛበት ክፍል ወይም ከመኝታው በሥሥ ግድግዳ በተለየ ጓዳ ማስቀመጥ ቤተሰብን ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ አዲስ ቤት የሚያቅድ ገበሬ ከመኖሪያው የተለየ ጎተራ አብሮ ያቅድ፤ ቦታ ከሌለው ደግሞ አየር በማያስገባ ከረጢት በማስቀመጥ ነቀዙን ያለ መርዝ ማፈን ይችላል። የእርሻ ኬሚካልም ሕፃናት በማይደርሱበት በቁልፍ ይቀመጥ።

መጸዳጃ ቤት፦ ትንሹ ቤት፣ ትልቁ ጉዳይ

በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው ሀገር አቀፍ የዓይነ ስውርነትና የትራኮማ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑ፣ ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆኑ ሕፃናትም 40 በመቶ ያህሉ በትራኮማ የተያዙ መሆናቸው ተመዝግቧል። ትራኮማን ከሚያዛምቱት አንዷ ዓይን ላይ የምታርፈው ዝንብ ናት፤ ይህች ዝንብ የምትራባው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው። በመሆኑም መጸዳጃ ቤት ለዓይንም መድኃኒት ነው። የሚሠራው ግን ሁሉም የቤተሰቡ አባል ሲጠቀምበት ብቻ ነው። አያት መድረስ ካልቻለችና ሕፃን ጨለማውንና ጉድጓዱን ፈርቶ በጓሮ ከተጸዳዳ ዝንቧ አትጠፋም።

መጸዳጃው ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ከጉድጓዱ ዝቅ ባለው በኩል ይሁን። ከመኖሪያ ቤቱ ግን በሌሊት ሊደረስበት የማይችል ያህል መራቅ የለበትም። መንገዱ በጠጠር ይደልደል። ማየት ለተሳነው ሰው ከቤቱ በር እስከ መጸዳጃው በችካል ላይ የተወጠረ ገመድ በቂ መሪ ነው። የመጸዳጃው በር 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረውና ወደ ውጭ ይከፈት፤ ውስጥ የወደቀ ሰው በሩን ከደገፈው ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ለረዳት አይከፈትም። በግራና በቀኝ የእጅ መያዣ እንጨት ይተከል። ቁጢጥ ማለት ለማይችል ሰው መካከሉ የተቀደደ ጠንካራ ወንበር ከቀዳዳው ላይ ይቀመጣል። ለሕፃናት ቀዳዳው በክዳን ይጠበባል። ሽታና ዝንብን ለመቀነስ ከጉድጓዱ እስከ ጣሪያው በላይ የሚወጣ ቱቦ ተደርጎ ጫፉ በወንፊት ይሸፈን። ከደጁ እጅ መታጠቢያ ውኃ በተቀማጭና በቋሚ ሰው ሁሉ ሊደረስበት በሚችል ቁመት ይቀመጥ።

በከተማ፦ ሕጉና ደረጃው

በአሰላና በዞኑ ሌሎች ከተሞች ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። በመንገዱ ዳር ያለው የጎርፍ ቦይ በጠባብ ሳንቃ ይሻገራል፤ የሱቁና የቢሮው ወለል ከመንገዱ ሁለትና ሦስት ደረጃ ከፍ ይላል፤ ፎቁ አሳንሰር የለውም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ማንኛውም ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙትም ሆነ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉት አመቺ መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃ በሚያስፈልግበት ሕንፃም ለእነርሱ የሚሆን በቂ መጸዳጃ እንዲዘጋጅ ደንግጓል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 9 መኖሪያ ቤቶችን ጨምሮ ተደራሽነትን ይጠይቃል።

ነገር ግን የአዋጁ አንቀጽ የሚናገረው ስለ ሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ነው። የግል መኖሪያ ቤት ባለቤት ራምፕ እንዲሠራ በዚህ አንቀጽ አይገደድም። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በብዛት የተገነቡት ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞችም አሳንሰር የሌላቸው በመሆኑ፣ በወጣትነቱ አራተኛ ፎቅ የደረሰው ሰው ሲያረጅ ደረጃው ይከብደዋል። የግል ቤት ጉዳይ እንግዲህ በባለቤቱ፣ በንድፍ አውጪውና በግንበኛው እጅ ያለ ነው።

በብሎኬት ቤት የሚሠራ የከተማ ነዋሪ ለግንባታ ፈቃድ ንድፍ ሲያሠራ ጥቂት ነገሮችን ያስጨምር። ቢያንስ አንድ መኝታ ክፍልና መጸዳጃ በምድር ቤት ይሁኑ። የመጸዳጃ ክፍሉ ግድግዳ ወደ ፊት የእጅ መያዣ ብረት ሊሸከም እንዲችል በጠንካራ ሁኔታ ይሠራ። የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ ከወለል አንድ ሜትር ያህል፣ ሶኬት ደግሞ ከ45 ሳንቲ ሜትር ሳያንስ ይገጠም፤ ይህ ለተቀመጠም ለቆመም ሰው ይመቻል። የበር እጀታ በመዳፍ ከሚዞር ይልቅ በክርን ሊጫን የሚችል ይሁን። አከራዮችም ለጋራው መጸዳጃ አንድ የእጅ መያዣና አንድ አምፖል ቢጨምሩ ለተከራዩ ሁሉ ይጠቅማል።

አዲስ ቤት ለማይሠራ

አብዛኛው አንባቢ ዘንድሮ ቤት አይሠራም። በነበረው ቤት ላይም ብዙ ማድረግ ይቻላል። ደፉን በመጋዝ ቆርጦ ዝቅ ማድረግ ወይም በሁለቱም ወገን ጭቃና ጠጠር ደልድሎ ማስተካከል የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከመኝታ እስከ በር ያለውን መንገድ ከዕቃ ማጽዳት ምንም አያስወጣም። በመኝታና በመጸዳጃ ዳር አንድ አንድ የእጅ መያዣ መትከል፣ ማታ በአያት ራስጌ አነስተኛ የሶላር መብራት ማኖር፣ ማድ ቤት ጣሪያ ላይ የጭስ መውጫ መክፈት፣ የቤቱን ወለል ቢያንስ በመኝታው በኩል በገረጋንቲ ደልድሎ ማጠንከር በየቤቱ የሚቻሉ ናቸው። አቧራማ የአፈር ወለል የቁንጫና የሙጀሌ መራቢያ ስለሆነ የወለሉ ማሻሻያ ለእግርም ጤና ነው።

ምክር ለሚሻ ቤተሰብ ቅርብ የሆኑት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ መርሐ ግብር መጸዳጃ ቤትን፣ የቤት ንጽሕናንና እንስሳትን ከሰው መኖሪያ መለየትን ከመጀመሪያው በትምህርቱ አካትቷል። በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መጨመር ይቻላል፤ ይኸውም ይህን መጸዳጃ በቤቱ ያሉት ሁሉ ሊጠቀሙበት ይችላሉ ወይ የሚለው ነው። አርሲ የሠርቶ ማሳያን ጥቅም የሚያውቅ አካባቢ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን ድጋፍ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ ግብርና ልማት ዩኒት፣ በአጭሩ ካዱ፣ ምርጥ ዘርንና ማዳበሪያን ለገበሬው ያስተዋወቀው በማሳ ላይ እያሳየ ጭምር ነበር። በየቀበሌው ደፍ የሌለው አንድ ቤትና የእጅ መያዣ ያለው አንድ መጸዳጃ ቢኖር ጎረቤት አይቶ ይሠራል።

ከአናጺው ወይም ከግንበኛው ጋር ከመዋዋልዎ በፊት

1. ከግቢው በር እስከ መኝታ፣ ከመኝታ እስከ መጸዳጃ ያለ ደረጃ መሄድ ይቻላል?
2. በሮቹ ሲከፈቱ ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ያሳልፋሉ?
3. አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ክፍት ቦታ በቤቱ ውስጥ አለ?
4. ማድ ቤቱ ከመኝታው ተለይቷል? ጭሱ በየት ይወጣል?
5. ከብቱና በመርዝ የታከመው እህል ከሰው መኝታ ተለይተው የሚያድሩበት ቦታ ታቅዷል?
6. መጸዳጃው በሩ ወደ ውጭ ይከፈታል? የሚያዝ ነገር አለው?
7. ጎርፉ ከቤቱ በላይ በየት በኩል ይቀየሳል?

እነዚህን ጥያቄዎች በመጀመሪያ ሊመልሱ የሚገባቸው በቤቱ ያሉት አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ምድጃ ዳር የሚውሉት ሴቶች ናቸው። መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት በግቢው መሬት ላይ የክፍሎቹን መስመር በአመድ አስምሮ አያትን ከነምርኩዛቸው በመስመሩ ውስጥ እንዲመላለሱ መጠየቅ ይቻላል። የሚከብዳቸው ቦታ ካለ መስመሩን በእግር አጥፍቶ እንደገና ማስመር የደቂቃ ሥራ ነው።